ቼክ ኢንጂኑ አልጠፋ ላላችሁ፦ ካታሊቲክ ከመቀየራችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉት

ቼክ ኢንጂን በራ፣ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሳሪያ) ተሰካ፣ የብልሽቱ ኮድ ዲሊት ተደረገ፣ መብራቱ ጠፋ። ከዛ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ያው መብራት ተመልሶ ቁጭ። ይሄን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም፣ ግን ለምን ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ እንደሚመለስ ማወቅ ግማሽ ስራ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ከጭስ ጋር ከተያያዙት ነገሮች ብዙዎቹን ሁሌ አይፈትሽም፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ፍጥነቱ ለተወሰነ ጊዜ እኩል ሲሆን፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ መሃል አካባቢ ሲሆን እያለ የራሱን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚፈትሸው። ደግሞ አንዴ ስለወደቀ ብቻ መብራት አያበራም፣ የመጀመሪያውን ጊዜ "ፔንዲንግ" ብሎ ይይዘዋል፣ በተከታታይ ሁለተኛ ጉዞ ላይ ከተደገመ ነው አብዛኛውን ኮድ የሚያበራው። ስለዚህ ኮድ አጥፍታችሁ ሁለት ቀን ሳይበራ ቢቆይ ገና አልተፈተሸም ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ችግሩ በትክክል ከተሰራ ደግሞ ማንም ስካነር ሳይሰካ፣ በተከታታይ ሶስት ጉዞ ፈተናውን ሲያልፍ መብራቱ ራሱ ይጠፋል።

ወደ ፍለጋው ሳንገባ፣ መብራቱ በርቶ የቆመ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ብልጭ ድርግም ካለ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱና ዳር ያዙ። ሚስፋየር አለ ማለት ነው፣ አንዱ ሲሊንደር አይመታም፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊቲኩ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጽጃ) ውስጥ ገብቶ እዛ ይቃጠላል፣ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን የሴራሚክ ወንፊት እስከማቅለጥ ይደርሳል። "ቤት እስክደርስ ብቻ" እያሉ መንዳት የካንዴላን ወጪ ወደ ካታሊቲክ ወጪ መቀየር ነው፣ ካታሊቲክ ደግሞ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየም እና ሮዲየም ስላለበት ርካሽ እቃ አይደለም። በርቶ የቆመ ከሆነ ግን፣ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት አብሮ እስካልበራ ድረስ፣ ተረጋግታችሁ ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ እቃ ብዙ አይደለም። ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሰራው ትንሿ ስካነርም ትበቃለች፣ ዋናው ኮድ ብቻ ሳይሆን ላይቭ ዳታ (ሞተሩ እየሰራ የሚታዩ የሴንሰር ቁጥሮች) እና ፍሪዝ ፍሬም የምታሳይ ትሁን። ኮድ ብቻ አንብባ የምታጠፋዋን አትግዙ፣ ለዚህ ስራ አትጠቅምም። መሰኪያው 16 ቀዳዳ ያለው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ስር ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሰሩ መኪኖች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ ለአውሮፓ የተሰሩ የቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከ2001 ጀምሮ አላቸው፣ ከዛ በፊት ያሉት እንደ ፋብሪካቸው ይለያያሉ። ሌላ መልቲሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ ጠርሙስ። በቃ።

ስካነሩን ሰክታችሁ መጀመሪያ የምትሰሩት ነገር ምንም ነገር አለማጥፋት ነው። ሁሉንም ኮድ፣ ፔንዲንግ ያለውንም ጨምሮ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዛ ፍሪዝ ፍሬም የሚለውን ክፈቱ፣ ኮዱ በተመዘገበባት ሰከንድ ሞተሩ ምን ላይ እንደነበረ ይነግራችኋል፦ የውሃው ሙቀት፣ ዙሩ፣ ፍጥነቱ፣ ጭነቱ፣ የነዳጅ ማስተካከያው። ውሃው 25 ዲግሪ፣ ዙሩ 1100፣ ፍጥነት ዜሮ ካለ ጠዋት ሲነሳ የሚፈጠር ነገር ነው የምትፈልጉት። ውሃው 90፣ ፍጥነቱ 100 ካለ ደግሞ መኪናውን አቁማችሁ ኮፈን ከፍታችሁ ቀኑን ሙሉ ብታዩት ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ችግሩ መንገድ ላይ ነው ያለው። ኮዱን ስታጠፉ ይሄ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ ለዛ ነው "አንዴ አጥፋውና እንየው" የሚል ሰው የሚያናድደኝ።

አሁን ኮዶቹ። ኮድ የእቃ ስም አይደለም፣ የትኛው ፈተና እንደወደቀ ነው የሚነግራችሁ። ፒ0420 ማለት "ካታሊቲክ ቀይር" ማለት ሳይሆን "ከካታሊቲኩ በፊትና በኋላ ያሉት የኦክስጅን ሴንሰሮች የሚነግሩኝን ሳነጻጽር ካታሊቲኩ በቂ ስራ እየሰራ አይመስለኝም" ማለት ነው። ያንን ንባብ የሚያዛባ ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ኮድ ካለ በዚህ ተራ ሂዱ፦ መጀመሪያ ሚስፋየር፣ ማለትም ፒ0300 እና ከፒ0301 ጀምሮ ያሉት፣ የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይነግራችኋል። ቀጥሎ የነዳጅና የአየር ድብልቅ፣ ፒ0171 እና ፒ0174 ነዳጅ አነሰ፣ ፒ0172 እና ፒ0175 ነዳጅ በዛ። ከዛ የሴንሰር ኮዶች። ካታሊቲክ፣ ፒ0420 ወይም ፒ0430፣ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከፊቱ ያለው ሳይጸዳ አይነካም። ፒ0302 እና ፒ0420 አብረው ካሉ ሁለተኛውን ሲሊንደር ሰርታችሁ ነው ስለ ካታሊቲክ የምታወሩት።

ደግሞ ባንክ እና ሴንሰር የሚለውን እንዳታምታቱ። ባንክ 1 አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ወገን ነው፣ አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሞተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባንክ ብቻ ነው ያለው። ሴንሰር 1 ከካታሊቲኩ በፊት ያለው፣ ሴንሰር 2 ከኋላ ያለው። ስንቱ ሰው የኋላው ተበላሸ ተብሎ የፊቱን ቀይሮ ኮዱ ሲመለስ "ሴንሰሩ ፌክ ነው" ይላል።

ቀላሉን በቀላሉ እንጨርስ። ኮዱ በፒ044 ወይም በፒ045 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ፒ0442 ወይም ፒ0455፣ ጉዳዩ ከጭስ ማውጫው ጋር አይገናኝም፣ ከታንኩ የሚወጣውን የነዳጅ ትነት የሚይዘው ክፍል ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ትነቱ እያመለጠ ነው የሚሉ ናቸው። የታንኩን ክዳን ፈትታችሁ ጎማውን እዩት፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ቀይሩት፣ ደህና ከሆነ ጠቅ ጠቅ እስኪል አጥብቃችሁ ጥቂት ቀን ንዱ። ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር ለመነሳት የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ፐርጅ ቫልቩ (የታንኩን ትነት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሰራ ከታንኩ በኩል የሚመጣውን ቱቦ ከቫልቩ ላይ ነቅላችሁ ጣታችሁን አፉ ላይ አድርጉ፣ ኮምፒውተሩ ሳያዘው የሚስብ ከሆነ አገኛችሁት።

ከዚህ በኋላ ላለው ሁሉ አንድ ነገር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይቀመጥ፦ ኦክስጅን ሴንሰር ነዳጅ አያይም፣ የሚያየው ኦክስጅን ብቻ ነው። አንድ ሲሊንደር ካልመታ ነዳጁም ኦክስጅኑም ሳይቃጠሉ ይወጣሉ፣ ሴንሰሩ ግን ኦክስጅኑን ብቻ አይቶ "ነዳጅ አነሰ" ይላል፣ ኮምፒውተሩም አምኖት ነዳጅ ይጨምራል፣ የተጨመረው ነዳጅ ካታሊቲኩን ያቃጥላል። ጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ከተሰነጠቀም ያው ነው፣ ጭሱ በግፊት በግፊት ስለሚወጣ በመሃል በስንጥቁ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩ አሁንም "አነሰ"። ኮምፒውተሩ ውሸታም ሴንሰር አምኖ ሳይሆን እውነተኛ ሴንሰር በተሳሳተ አየር ተታሎ የሚሳሳትበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እና ሴንሰር መቀየር ለብዙው ሰው ምንም ያላመጣው ለዚህ ነው።

ላይቭ ዳታ ላይ ሾርት ፊውል ትሪም እና ሎንግ ፊውል ትሪም የሚሉ ሁለት የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥሮች አሉ፣ በፐርሰንት። ደምሯቸው። ፕላስ ከሆነ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ነው፣ ማይነስ ከሆነ እየቀነሰ። እስከ 10 ድረስ ወደላይም ወደታችም ብዙ አያሳስብም፣ 20 አልፎ ወደ 25 ሲጠጋ ነው አብዛኛው መኪና ፒ0171 የሚያወጣው። አሁን ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እያለ ቁጥሩን ያዙ፣ ከዛ 2500 ዙር ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙትና እንደገና እዩ። በሚኒሞ ፕላስ 20 የነበረው 2500 ላይ ወደ 4 ከወረደ አየር ከሆነ ቦታ ሾልኮ እየገባ ነው፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ያው ስንጥቅ ነው፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ያንሳል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ስትረግጡት ከጨመረ ነዳጁ አልደረሰም፣ ፓምፕ ወይም ፊልትሮ፣ ካልሆነም ማፍ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው) ቆሽሾ አየሩን አሳንሶ እየነገረ ነው። ማፍን በሚኒሞ ለመገመት ቀላል ልማድ አለ፣ በሰከንድ የሚያነበው ግራም ከሞተሩ ሊትር ጋር ይቀራረባል፣ 2 ሊትር ሞተር ወደ 2 ግራም ገደማ። በጣም ከራቀ በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ ብቻ እጠቡት፣ የካርቡሬተር ማጽጃ አትርጩበት፣ በጨርቅም አትንኩት፣ ሽቦው ቀጭን ነው። ማፍ ሳይኖራቸው በማፕ ሴንሰር (የኢንቴኩን ግፊት በሚለካው) ብቻ የሚሰሩ መኪኖች ላይ ግን አየር ሲሾልክ ፊውል ትሪሙ ላይነቃነቅና ሚኒሞው ብቻ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ እሱን አትርሱ።

የሾለከውን አየር ለመፈለግ ሰው ሁሉ የሚቀጣጠል ስፕሬይ የጋለ ሞተር ላይ ሲረጭ አያለሁ፣ ይሰራል፣ እሳትም ያስነሳል። እኔ መጀመሪያ በአይንና በጆሮ ነው የምለው፦ ከአየር ፊልትሮው እስከ ስሮትሉ ያለውን ወፍራም ጎማ እያጎበጣችሁ እጥፋቱን ውስጥ እዩ፣ ፋሻታዎቹን አጥብቁ፣ ቀጫጭን የቫኪዩም ቱቦዎችን ጫፍ ጫፋቸውን ነካ ነካ አድርጉ፣ ደርቀው የተሰነጠቁት እጃችሁ ላይ ይሰበራሉ። የኢንቴክ ጋርኒሲዮኑን ከጠረጠራችሁ ኤሌክትሪኩን ሳታርሱ ትንሽ ውሃ በመርጫ በመጋጠሚያው ላይ ብትነፉ ድምጹ ለአፍታ ይለወጣል። ካልተገኘ የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ሂዱ፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጅባቸው።

የጭስ ማውጫው ስንጥቅ የሚያዘው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ጠዋት ስታስነሱት ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ኖሮ ሲሞቅ ከጠፋ ብረቱ ሰፍቶ ስንጥቁን ዘግቶት ነው፣ የማኒፎልዱ ጋርኒሲዮን ወይም ማኒፎልዱ ራሱ ነው የሚጠረጠረው። መጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቁር ጥላሸት የተጫረ የሚመስል መስመር ካያችሁ እዛ ጋ ነው። በጣም የምወደው ዘዴ ግን ሞተር ሳይነሳ የሚሰራው ነው፦ ቫኪዩም ክሊነሩ ወደ ውጪ የሚነፋ ከሆነ ቱቦውን ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አስገብታችሁ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅጥቁት፣ ንፉት፣ ከዛ ከማኒፎልዱ ጀምራችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ብየዳ፣ ሴንሰሩ የታሰረበትን ቦታ፣ ተጣጣፊውን ቱቦ በሳሙናው ውሃ እርጩ። የሾለከበት ቦታ ላይ አረፋው ይኮለኮላል፣ አንዳንዴ ከላይ ምንም ሳይታይ ከብየዳው ስር በኩል ትንንሽ አረፋ እያወጣ ታገኙታላችሁ። ጭስ ማውጫው የግድ የቀዘቀዘ ይሁን። ሞተር አስነስታችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ተዘግቶ በተቀመጠ ቦታ አታድርጉት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ግን ይገድላል።

አሁን ሴንሰሮቹ። ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ 2500 ዙር ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዙት፣ ካታሊቲኩም ሴንሰሩም ካልጋሉ አይሰሩም። የሁለቱን ሴንሰር ቮልት ግራፍ አድርጋችሁ አብራችሁ ክፈቱ። የተለመደው አይነት ከሆነ የፊቱ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣ እየወረደ መሄድ አለበት፣ በአስር ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። የኋላው ደግሞ 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ተረጋግቶ መቀመጥ አለበት፣ ካታሊቲኩ ኦክስጅኑን እየያዘና እየለቀቀ ስለሚያለሰልሰው። የኋላው የፊቱን እየተከተለ እኩል ከዘለለ ካታሊቲኩ መስራት አቁሟል፣ ስንጥቅና ሚስፋየር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ካረጋገጣችሁ ይሄ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኋላው ቀስ ብሎ አልፎ አልፎ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ካታሊቲኩን አትወንጅሉት። የፊቱ ዋይድባንድ (ድብልቁን በቁጥር የሚለካ ሰፋ ያለ አይነት ሴንሰር) የሆነባቸው መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ መዝለል አታዩም፣ የነሱን በፊውል ትሪም እና በላምዳ ቁጥር ነው የምታነቡት፣ ላምዳው 1 አካባቢ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው።

ፒ0135 ወይም ፒ0141 ከሆነ ደግሞ የሴንሰሩ ማሞቂያ ነው። መጀመሪያ ቫልቮላውን (ፊውዙን) እዩ፣ ከዛ ሶኬቱን ነቅላችሁ ማሞቂያዎቹ ሽቦዎች መሃል በኦም ለኩ፣ አብዛኛው ከጥቂት ኦም እስከ 20 ባለው ውስጥ ያነባል፣ ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል፣ ሴንሰሩ ይቀየራል። ካነበበ በመኪናው በኩል ያለው ሶኬት ላይ ቁልፍ ተከፍቶ 12 ቮልት መኖሩን እዩ፣ የሽቦው ልባስ ጭስ ማውጫው ላይ አርፎ መቅለጡ የተለመደ ነው። ሴንሰሩን ለመፍታት ብዙ ጊዜ 22 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚሆነው፣ ቧንቧው ለብ ብሎ ሲሆን በቀላሉ ይለቃል፣ አዲሱን ስታስገቡ ጫፉ ላይ ቅባትም ጣትም እንዳይነካው።

ካታሊቲኩ ላይ ከደረሳችሁ ሁለት አይነት ሞት አለው። አንደኛው መዘጋት ነው፣ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ስትረግጡት ይታፈናል። ይሄ የሚለካው የፊቱን ሴንሰር ፈትታችሁ በቦታው የግፊት ጌጅ አስገብታችሁ ነው፣ በሚኒሞ ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በታች፣ 2500 ዙር ላይ ከ3 በታች ካልሆነ ተዘግቷል። ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ መታ መታ ስታደርጉት ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰባብሯል። ሁለተኛው ክፍት ሆኖ መስራት ማቆም ነው፣ ጉልበት አይቀንስም፣ ኮድ ብቻ ያወጣል። በሙቀት መለኪያ ፊትና ኋላውን መለካት የሚወዱ አሉ፣ አንዳንዴ ይጠቁማል፣ በሱ ብቻ ግን ገንዘብ አላወጣም።

እና ሞተ ካላችሁ ምን ገደለው? ካታሊቲክ በራሱ እርጅና የሚሞትበት ጊዜ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን ገዳይ አለው። ዘይት የሚበላ ሞተር ሽፋኑን ይለብጠዋል፣ የራዲያተር ውሃ በቴስታታ ጋርኒሲዮን የሚያስገባ ሞተር ይመርዘዋል፣ ችላ የተባለ ሚስፋየር ያቀልጠዋል፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ፈጽሞ ይገድለዋል። ካንዴላዎቹን ንቀሏቸውና ተራ በተራ አስቀምጡ፦ አንዱ ብቻ እርጥብና ጥቁር ዘይት ከለበሰ የዛን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለኩ፣ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በተለየ እጥብ ብሎ ከነጻ ውሃ እየገባበት ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ጥላሸት ከለበሱ ነዳጅ በዝቷል። ይሄ ሳይታይ አዲስ ካታሊቲክ ማሰር አዲሱንም ለዛው ገዳይ መስጠት ነው። ውስጡን አውጥቶ ባዶ ማድረግ ወይም የኋላውን ሴንሰር በማራዘሚያ ከጭሱ አርቆ ኮምፒውተሩን ማታለል የሚመክሯችሁ አይጠፉም፣ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል፣ ጭሱ ግን ያው ነው፣ በብዙ አገር ደግሞ ህገወጥ ነው፣ ምርመራ ላይም ይይዛችኋል።

ፒ0401 ላይ ብዙም አልቆይም። ኢጂአር (ከጭሱ የተወሰነውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) በካርቦን ተዘግቷል ማለት ነው በአብዛኛው፣ ቫልቩ በቫኪዩም የሚሰራ ከሆነ በሚኒሞ ላይ በእጅ ፓምፕ ክፈቱት፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም መጥፋት አለበት። ቫልቩ እየተከፈተ ሞተሩ ምንም ካልተሰማው መንገዱ ተዘግቷል፣ ቫልቩን ከመግዛት ቀዳዳዎቹን መፋቅ ይቀድማል። ናፍጣ ላይ ደግሞ ፒ2002 እና ፒ2463 የዲፒኤፍ (የጥላሸት ማጣሪያው) ናቸው፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ጥላሸቱን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አያገኝም፣ በረጅም መንገድ ላይ ዙሩን ከፍ አድርጎ መንዳት ሊያጸዳው ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ ግን ኢጂአሩን፣ ኢንጄክተሮቹንና የቱርቦ ቱቦዎቹን እዩ፣ ጥላሸቱን የሚያመርተው እዛ ነው።

ሰርታችሁ ስትጨርሱ አሁን ኮዱን አጥፉ። ሬዲነስ (ፈተናዎቹ ተጠናቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም) የሚለውን ገጽ ስትከፍቱ ሁሉም "ኢንኮምፕሊት" ይላል፣ ልክ ነው፣ ኮድ ማጥፋትም ባትሪ መንቀልም ወደ ዜሮ ይመልሰዋል፣ ለዛ ነው የጭስ ምርመራ ዋዜማ ላይ ኮድ አጥፍቶ መሄድ የማይሰራው። ታንኩን ከ15 እስከ 85 ፐርሰንት ባለው ውስጥ አድርጉት፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ይደር፣ ጠዋት አስነስታችሁ ትንሽ በሚኒሞ ከዛ በከተማ ከዛ እኩል ፍጥነት ይዛችሁ በረጅም መንገድ ንዱት፣ ፍጥነቱን ስትቀንሱም ፍሬን ሳትይዙ ነዳጁን ብቻ ልቀቁ። የካታሊቲክ ሞኒተር "ኮምፕሊት" ካለ በኋላ ፔንዲንግ ውስጥ ምንም ከሌለ ተስተካክሏል። ያው ኮድ ከተመለሰ ግን አዲሱን ፍሪዝ ፍሬም መጀመሪያ ካነሳችሁት ፎቶ ጎን አድርጋችሁ አስተያዩት፣ ያኔ በሚኒሞ የነበረው አሁን በ90 ፍጥነት ላይ ከሆነ አንዱን ብልሽት ሰርታችሁታል፣ የቀረው ሌላ ነው።